አፈ ጓንጉል

ደጅይጥኑ ሰቆጣ የመጣው ስለ መሬቱ ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ ገደል አፋፍ ላይ ከተቀመጠች መንደር ገብስና ባቄላ እየዘራ የሚኖር ገበሬ ነው። አባቱ በሞተ በዓመቱ አጎቱ ድንበር ገፍቶ ደኅነኛውን ማሳ ጠቀለለበት። ሽማግሌ ላከ፤ አልሆነም። በእግዜር በመስቀሉ አለ፤ አልሆነም። የቀረው የወይዘሮ ጸሐይነሽ ደጅ ነው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሹመቱ ለሌላ ቢሄድም ፍርዱ ከእሳቸው እልፍኝ አልወጣም፤ በዚያ አካባቢ የሳቸውን ቃል የሚያጥፍ ዳኛ አልተፈጠረም።

ባለጉዳይ እንደሚያደርገው አደግድጎ ከድንጋይ ካቡ ውጭ ቆመና ጮኸ፦

«አቤት! አቤት እሜቴ! ተበደልሁ!»

ግቢው ውስጥ አንድ ነገር ወድቆ ተሰበረ። ከዚያ በሩ ተበርግዶ አጋፋሪው ወጣና አንገቱን ይዞ እየጎተተ አስገባው። ደጅይጥኑ ያለ ሰዓቱ የጮኸ መስሎት «ማሩኝ» ሊል አፉን ሲከፍት አጋፋሪው በጥፊ ዘጋው።

ወይዘሮ ጸሐይነሽ መደባቸው ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል፤ እግራቸው ሥር የብርሌ ስብርባሪና የፈሰሰ ጠጅ አለ።

«እንደገና በል» አሉት።

«ምን ልበል እሜቴ?»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ቅድም ያልኸውን።»

«አቤት... ተበደልሁ።»

«ዘበነ!» ብለው ጠሩ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። ኮት የለበሰ አንድ ወጣት እያነከሰ ከጓዳ ወጣ። «ሰማኸው?»

«ሰማሁ እሜቴ» አለ ዘበነ። እሱም ደንግጧል። «የሱ ድምፅ ነው። የጓንጉል ነው።»

ጓንጉል የወይዘሮዋ አንድ ልጅ ነበር። አዲስ አበባ ተምሮ እዚያው ሥራ እንደ ያዘ ከመዳፍ ብዙም የማትበልጥ የፊልም ማንሻ ገዛ። መሣሪያዋ መልክ እንጂ ድምፅ አትይዝም፤ ድምፅ ለብቻው በቴፕ ክር ይቀዳል። ጓንጉል እናቱን ሊያስደንቅ ፈለገና ጓደኛው ዘበነ አንድ ቀን እዚያው አዲስ አበባ ከግቢያቸው አጥር ሥር አቁሞ አነሣው። ጓንጉል መጀመሪያ እጁን አንድ ጊዜ አጨበጨበ። ይህ ጭብጨባ የመልኩና የድምፁ መጋጠሚያ ነው፤ በፊልሙ ላይ ሁለቱ መዳፎች የሚገናኙበትንና በክሩ ላይ «ጧ» የሚለውን እኩል ካስነሷቸው ቃሉ ከከንፈሩ ጋር ይሄዳል። ካጨበጨበ በኋላም እንዲህ አለ፦

«እምዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደኅና ነኝ። አቡጀዲው ላይ ያለው ሰው ማን ነው ብለው እንዳይደነግጡ፤ እኔው ነኝ። ይኸን ሲያዩ እኔ አጠገብዎ ቁጭ ብያለሁ። ዞር ብለው ይዩኛ!» ከዚያ ሳቀ። ጥርሱ እስኪታይ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ።

ሁለቱ ጓደኛሞች መሣሪያውን በሳጥን ጭነው ለጥምቀት ሲመጡ መኪናቸው ገደል ገባ። ጓንጉል እዚያው ቀረ። ዘበነ እግሩ ተሰብሮ ተረፈ፤ ሳጥኑም ተረፈ። ዘበነ ሳጥኑን ይዞ ሰቆጣ በደረሰ ጊዜ ወይዘሮዋ ፊልሙን አዩ፣ ድምፁን ሰሙ፤ «ዞር ብለው ይዩኛ» ሲል ዞር አሉ። መደቡ ባዶ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘበነ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድበት በቅሎ አላገኘም። «ልጄን ትተህ አንተ በሕይወት መጣህ» አሉት፤ «እንግዲህ እዚሁ ሆነህ አናግርልኝ።»

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የእልፍኙ መስኮት በምንጣፍ ይጋረዳል፤ የመብራቱ ሞተር ከጓሮ ይነሣል፤ ነጩ አቡጀዲ ይወጠራል። መጀመሪያ ሰሞን ሁሉም ደኅና ነበር። ውሎ አድሮ ግን የቴፑ ክር በመደጋገም ብዛት ላላ፤ የጓንጉል አፍ ተዘግቶ ድምፁ ከኋላ ይመጣ ጀመር። ወይዘሮዋ ይኸን አይተው፣ «ልጄ አፉን ከገጠመ በኋላ የሚናገረው ምን ሆኖ ነው? ሲኦል አስገብተኸዋል?» ብለው ጮኹ። ዘበነ ክሩን ቆረጠ፣ ቀጠለ፣ የሞተሩን ፍጥነት አበዛ፣ ቀነሰ። አንድ እሑድ መሣሪያው ክሩን ጎትቶ በላውና እንደ ተልባ ጭድ ተፋው። ዘበነ ያን ቀን ተገረፈ። መልኩ አለ፣ ድምፁ የለም፤ ሙት ሁለት ጊዜ ሞተ። ደጅይጥኑ «አቤት» ያለው ከዚህ በኋላ ነው።

ፍርዱ እዚያው ተሰጠ። አጎቱ ሳይጠራ፣ ምስክር ሳይቆም፣ ማሳው ለደጅይጥኑ ተመለሰ። ሊስም ወደ ጉልበታቸው ሲያጎነብስ ወይዘሮዋ በአለንጋቸው እጀታ አገጩን ደግፈው ቀና አደረጉት።

«መሬቱ ያንተ ነው» አሉ። «ድምፅህ የኔ።»

ነገሩ አልገባውም። ደስ ብሎት ወጣ።

ዘበነ በማር ጋን በተሞላ ጨለማ ጓዳ ውስጥ አስተማረው። የደጅይጥኑ አፍ መፍቻ የዋግ አገውኛ፣ ኽምጣንጋ ነው፤ አማርኛው ከጉሮሮው ይወጣል። «አገውኛህን ዋጥ!» እያለ ዘበነ በጨንገር ቅልጥሙን ይገርፈው ነበር። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ የራሱ ጀርባ ገና አልጠገገም። ከዚያ ከአቡጀዲው በስተጀርባ አቆመው። ብርሃኑ ጨርቁን አልፎ የጓንጉል መልክ በግልባጩ ይታያል።

«አፉ ሲከፈት አይተህ ከጀመርህ ዘግይተሃል» አለው ዘበነ። «አፉን ተው። ደረቱን እይ። እሱ ሲተነፍስ አብረህ ተንፍስ፤ ቃሉ ራሱ ይመጣል። ሞተሩ ሲደክም መልኩ ይዘገያል፤ አንተም ዝግ በል። እንዳትቀድመው፣ እንዳይቀድምህ።»

ቃሉን ቶሎ ያዘ። ያስቸገረው ሳቁ ነው። ደጅይጥኑ ሲስቅ አፉን በጋቢ የሚሸፍን ሰው ነበር፤ ጓንጉል የሚስቀው እንደ ጌታ ልጅ ነው። ከመከር እስከ ዐቢይ ጾም መያዣ ሳቅ ሲማር ከረመ።

የመጀመሪያው እሑድ፣ የቅበላው ዕለት፣ ደረሰ። በጨለማው ሁለቱ መዳፎች ተጋጠሙ፤ ከጨርቁ በስተኋላ ደጅይጥኑ አጨበጨበ፤ ጓንጉል «እምዬ፣ እንደምን ሰነበቱ?» አለ። እልፍኙ ውስጥ ካሉት አገልጋዮች አንዷ ራሷን ስታ ወደቀች። ወይዘሮዋ «ዞር ብለው ይዩኛ» ሲባሉ ዞር አሉ፣ ሳቁን ሰሙ፣ እንባቸው ወረደ። ለደጅይጥኑ ሙሉ ሙክት አሳረዱለት። ሚስቱ ጥሩሐረግ ሥጋውን ስታይ «በመናገር ብቻ?» ብላ ሳቀች።

መዓቱ የመጣው በገበያ ቀን ነው። ደጅይጥኑ ከአንድ የጨው ነጋዴ ጋር ሲከራከር ድምፁን ከፍ አደረገ። ወይዘሮ ጸሐይነሽ በበቅሎ ሲያልፉ ሰሙት። የልጃቸው ድምፅ ስለ ጨው ይከራከራል፤ አህያ ይሰድባል፤ ደግሞም በአገውኛ! በቅሏቸውን አቁመው እዚያው ገበያ መሃል አስገረፉት። «ልጄን የትም አትጎትተውም» አሉ። በማግስቱ የነፍስ አባታቸውን አባ ገብረ ኪዳንን አስጠርተው መስቀል አስያዙ። አባም ገዘቱት፦

«ከዚህ እልፍኝ ውጭ በዚህ ድምፅ ብትናገር፣ በአማርኛም ይሁን በአገውኛ፣ እንደ አርዮስ የተወገዝህ ሁን።»

ጅራፉ ቁስል ነው፤ ይድናል። ግዝት ግን ሰው ቤቱ ድረስ ይዞት የሚገባ ነገር ነው። ደጅይጥኑ ቤቱ ገብቶ በሩን ዘጋ፤ ጥሩሐረግ «ምን አሉህ?» ብትለው አፉን በእጁ ያዘ። ለጥቂት ጊዜ ያንሾካሹክ ነበር። ከዚያ አንዲት ላም ስትሞትበት ከሹክሹክታው መሰለውና እሱንም ተወ። በሬዎቹን በፉጨት ነዳ። ደቦ ሲወጣ ሰው ሁሉ እያዜመ እሱ ዝም ብሎ ያጭዳል። ሰቆጣ ሲወርድ ስድ የከተማ ልጆች «አፈ ጓንጉል! አፈ ጓንጉል!» እያሉ ይከተሉታል። ዳኛው አፈ ንጉሥ እንደሚባለው መሆኑ ነው። ዞር ብሎ እንኳ አይሰድባቸውም።

በዚያ ዓመት ሴት ልጅ ተወለደችለት። ውዴ አሏት። ውዴ የአባቷን ድምፅ ሳትሰማ ዳኸች፤ ሳትሰማ ቆመች፤ ሳትሰማ ጥርሷን ነቀለች። ሊጠራት ሲፈልግ ሁለት ድንጋይ ያጋጫል፤ እሷም የትም ብትሆን ሮጣ ትመጣለች። እሷ ታወራለታለች፣ እሱ ይሰማል። አንድ ጊዜ እናቷን «አባቴ በውስጡ ቃል አለው?» ብላ ጠየቀቻት። ጥሩሐረግ «አለው» አለቻት፤ «እሜቴ ዘንድ ነው ያለው።»

ክረምት መግቢያ ላይ፣ አንድ ዓርብ፣ ሰማዩ እነሱ ዘንድ ብሩህ ነበር። ዝናቡ የዘነበው ከላይ፣ ከተራራው ነው። ውዴ ውኃ ቀድታ ቅሏን አዝላ ደረቁን ወንዝ እየተሻገረች ሳለ ደጅይጥኑ ከዳገቱ ላይ ማሳውን ያጥር ነበር። መጀመሪያ ድምፁን ሰማ፤ ቀና ሲል ደራሹ ውኃ ድንጋይና ግንድ እያንከባለለ በጠመዝማዛው በኩል ብቅ አለ። ውዴ አሸዋው መሃል ናት። ሁለት እርምጃ፣ ቢበዛ ሦስት፣ ብትሮጥ ዳር ትወጣለች።

ድንጋይ ማንሣት ትዝ አላለውም። ጮኸ።

«ውዴ! ውጪ! ሩጪ!»

ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ከደረቱ የወጣው ቃል በገዛ ቋንቋው አልነበረም። አማርኛ ነው፤ የጓንጉል አማርኛ፣ የጌታ ልጅ አማርኛ፣ ከዳገት ላይ ጮክ ብሎ የሚያዝዝ። ውዴ ሰማች፤ ስሟን እንጂ ቃሉን አልለየችም። ጨዋ ልጅ ናት፤ ጌታ ሲጣራ ምን እንደሚደረግ እናቷ አስተምራታለች። ቆመች። ቅሏን ወደ ጀርባዋ አስተካክላ እጅ ነሣች። ከዚያ የጠራት ጌታ ማን እንደሆነ ለማየት ቀና አለች።

ሬሳዋ ከታች ከሾላ ሥር ተገኘ።

ለቅሶው ላይ ዘመድ በየተራ እየተነሣ ሙሾ ሲያወርድ ደጅይጥኑ ግንድ ይመስል ቆመ። አባት የሚለው አለ፤ የሚጠበቅበት አለ። አላለም። አጎቱ ሳይቀር «ይኼስ አንጀት የለውም» አለ። ጥሩሐረግ ፊቷን ቧጭራ፣ ጸጉሯን ተላጭታ አንድ ጊዜ አየችውና ዓይኗን መለሰች።

ሣልስቷ እሑድ ዋለ። የወይዘሮዋ አጋፋሪ ጠዋት መጣ።

ወይዘሮ ጸሐይነሽ እልፍኙ በር ላይ ተቀበሉት። እንዲህ አድርገው አያውቁም ነበር።

«ልጅህ ሞተች አሉኝ።»

አንገቱን ደፋ።

«ግዝቱን ጥሰህ ጮኸህ ነበርም አሉኝ።»

በጋቢው ጫፍ አፉን ሸፈነ።

«እንግዲህ ማን እንደ ገደላት አንተው ታውቃለህ» አሉት። ቁጣ አልነበረበትም፤ የአየር ሁኔታ እንደሚናገር ሰው ነው ያሉት። «ግባ። ሞተሩ ተነሥቷል።»

ደጅይጥኑ በመንገዱ ሁሉ፣ ዛሬ አፌን አልከፍትም፣ ይግደሉኝ፣ እያለ ነበር የመጣው። ከጨርቁ በስተጀርባ ቆመ። ጥርሱን ነከሰ። ጓንጉል በብርሃኑ ውስጥ መጣ፤ እጁን ዘረጋ፤ መዳፎቹ ተጋጠሙ። የደጅይጥኑም እጆች ሳያዛቸው ተጋጠሙ። ሙቱ ተነፈሰ፤ እሱም ተነፈሰ። ደረቱ የተማረውን ያውቃል፤ ሐዘን አይሰማም።

«እምዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደኅና ነኝ...»

አንዲት ቃል አልቀደመችም፣ አንዲት ቃል አልዘገየችም። ዘበነ በኋላ እንደተናገረው፣ በዚያ ሁሉ ዓመት እንደዚያ ቀን ሆኖ አያውቅም። «ዞር ብለው ይዩኛ!» አለ ደጅይጥኑ። ከዚያ ሳቀ። አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ እስከ መጨረሻው፣ ጓንጉል እስካቆመበት ድረስ ሳቀ።

ምንጣፉ ከመስኮት ሲነሣ ወይዘሮዋ «ዛሬ ልጄ መጣ» አሉ። አዲስ ጋቢም አዘዙለት። ጋቢውን ተቀብሎ እጅ ሲነሣ፣ ከአገልጋዮቹ መካከል በሩ አጠገብ የቆመች አንዲት የተላጨች ሴት አየ። ጥሩሐረግ ናት። ተከትላው መጥታ፣ አጋፋሪውም ለአቤቱታ የመጣች መስሎት አስገብቷት፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰምታለች።

ቤቱ ሲደርስ ጓዟን አስራ ነበር።

«ለልጄ አንድ ቀን ሳቅህላት?» አለችው። «አንድ ቀን በስሟ ጠራሃት? ዛሬ፣ በሣልስቷ፣ ለሰው እናት ስትስቅ ሰማሁህ።»

አፉን ከፈተ። ግዝቱ ትዝ አለው። ዘጋው።

«ዝምታህንም አወቅሁት» አለችና እንስራዋን አዝላ ጽጽቃ ወዳለው ወንድሟ ቤት ሄደች።

ከዚያ በኋላ ደጅይጥኑ እሑድ እሑድ መሄዱን አልተወም። የቀረው ማሳው ብቻ ነው፤ ማሳውም የሚታረሰው በሳቁ ነው። ከእሱ ይልቅ ቀድሞ ያረጀው ፊልሙ ሆነ። ጠርዙ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ተቀደዱ፤ መልኩ ይዘላል፣ ይንቀጠቀጣል። አንድ እሑድ «አጠገብዎ» በሚለው ላይ ፊልሙ ቀጥ ብሎ ቆመ። አምፖሉ ሥራውን አልተወም። የጓንጉል ከንፈር መሃሉ ላይ ቡናማ ሆነ፣ አረፋ ደፈቀ፣ ተቦረቦረ፤ አፉ፣ ቀጥሎ ጉንጩ፣ ቀጥሎ ዓይኑ ቀለጠ።

ወይዘሮ ጸሐይነሽ «ልጄ ተቃጠለ!» ብለው ተነሡና እሳት የሚያጠፉ ይመስል አቡጀዲውን በሁለት እጃቸው መደብደብ ያዙ። ጨርቁ ተቀዶ ወደቀ። ከጨርቁ በስተኋላ፣ በባዶው ብርሃን ውስጥ፣ አንድ የከሳ ገበሬ አፉን እንደከፈተ ቆሟል። ይህን ሁሉ ዘመን ሲያዳምጡ ሲናገር አይተውት አያውቁም ነበር። አፉን አዩ፤ የተሸረፈ ጥርሱን አዩ።

«ይኸ ነው?» አሉ። «ልጄ በዚህ አፍ ነው ሲያናግረኝ የኖረ?» ፊቱ ላይ ተፉ። «አውጡልኝ!»

ዘበነ በዚያው ሳምንት ባዶ ሳጥኑን ይዞ ወጣ፤ ወዴት እንደገባ የሰማ የለም። ማሳው ለአጎቱ ተመለሰ። ደጅይጥኑ ግዝቱ እንዲፈታለት ቀን በቀን ደጅ ጠና፤ በምልክት ለመነ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ለመነ። ወይዘሮዋ «ያ ድምፅ ከልጄ ጋር ተቀብሯል፤ መቃብር አይቆፈርም» ብለው ላኩበት።

ድርቁ መጣ። ከመንደሩ ብዙ ሰው አለቀ፤ አጎቱም አለቀ። በስልሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት መንግሥት ሲናወጥ ወታደሮች መጥተው ወይዘሮ ጸሐይነሽን በጭነት መኪና ወደ ደሴ ወሰዷቸው። በሳምንቱ አባ ገብረ ኪዳን ራሳቸው ደጅይጥኑን ፈልገው መጡ። መስቀላቸውን አሳለሙት።

«እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉት። «ማንም ቢጠይቅህ እኔ ፈትቼሃለሁ። ፈትተውኛል በል፤ እሺ?» ስለ እሱ ነፍስ አልነበረም የመጡት። ስለ ወታደሮቹ ነው።

ደጅይጥኑ የጽጽቃን መንገድ ጠየቀና ተነሣ። መንገድ ላይ ሰው በሌለበት ቃል ሞከረ። በኽምጣንጋ «ሚስቴ» ሊል ፈለገ፤ የሚወጣው ሰው የሚያውቀው የገበሬ ቃል አልሆን አለው፤ እያንዳንዱ ፊደል ተሞርዶ፣ ጌታ ጌታ ሸትቶ ይወጣል። ደጋግሞ ሞከረ። ድንጋዩን፣ ቁጥቋጦውን፣ የሚያልፈውን ፍየል አናገረ። መሸበትና ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም አድሮ በማግስቱ ደረሰ።

ጥሩሐረግ ጀርባዋን ለመንገዱ ሰጥታ በሰፌድ እህል ትለቅም ነበር። ከስታለች። ከኋላዋ ቆመ። ይህን ቃል እያዘጋጀው ነው የመጣው።

«ጥሩ» አለ፣ «እኔ ነኝ። ግዝቱ ተፈታልኝ።»

ትከሻዋ ተኮማተረ። እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ። ዞር አላለችም።

«ዝም በል» አለች።

«ጥሩ፣ እኔ ነኝ እኮ፣ ደጅ...»

«በእናትህ ዝም በል! ልጄ የሞተችው በዚህ ድምፅ ነው።»

ዝም አለ። እሷ ብዙ ቆይታ ተነሣች፤ ፊቱን ሳታይ ዳቦ ቆርሳ በወጭት አቀረበችለት፤ ውኃም ሰጠችው። ለመንገደኛ እንደሚደረገው ነው። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ በላ። ሲጨርስ ወጭቱን አንሥታ ገባችና በሩን ዘጋች፤ ከውስጥ መቀርቀሪያውን ስትቀረቅርበት ተሰማው።

ደጅይጥኑ ወደ አበርገሌ ቆላ ወረደና በማሽላ ጠባቂነት ተቀጠረ። ያገሩ ሰው ዲዳ ነው ብሎ ተቀበለው፤ እሱም አላስተባበለም። ሌሎቹ ጠባቂዎች ማማቸው ላይ ሆነው ቀኑን ሙሉ በእልልታና በጩኸት ወፍ ያባርራሉ። እሱ በወንጭፍ ነበር።